ተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት

ሳስካቱን፤ ጥር ወር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ወንዙ ከድልድዩ ሥር ረግቶ ተኝቷል፣ እንደ ነጭ መንገድ።
የእኔ ትምህርት እግር ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚራመድ፣
በተለይ ሽማግሌ፣ በተለይ በረዶ ላይ፣
ተረከዙ አንዲት ጣት ሲንሸራተት ጉልበቱ ምን እንደሚያይ፣
ከመውደቁ በፊት ዳሌው ስንቴ እንደሚማልድ።

አጎቴ በስልክ ሲጠይቀኝ «የእንቅስቃሴ ጥናት» አልሁት፤
«የየትኛው ፓርቲ?» አለና ድምፁን ቀነሰ። ሳቅሁበት።

ማርጎ ፔልቲየ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ከማተሚያው አጠገብ፤
እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ የጠፋውን ሁሉ ስትሰበስብ።
የመጀመሪያው ቀን «መውደቅ» ብዬ ጻፍሁ፤ ኮምፒዩተሩ አልራራልኝ፣
አርባ አንድ ሺህ ጽሑፍ እንደ ናዳ ለቀቀብኝ፦
የዋጋ መውደቅ፣ የመንግሥት መውደቅ፣ የቅጠል፣ የድልድይ፣ የጥርስ፤
አንዲት አሮጊት ግን የለችም፣ በረዶ ላይ ወድቃ የምታለቅስ።

ማርጎ ወንበር ሳበችልኝ። «የወደቀው ማነው?»
«ሰው ነዋ።» «ዕድሜው? ጫማው? መሬቱስ ምንድን ነው?
የወደቀ ቀን ማን አነሣው?»
እንደ ነርስ ጠየቀችኝ፣ ደግሞ እንደ ዘመድ፤
ቃልን በቃል እያጠረች፣ እብቅ እንደሚለይ ሰፌድ።
አርባ አንድ ሺው ሁለት መቶ ስድስት ሆነ፤
ማታ ላይ ስድሳ። ያኔ ልቤ ሰከነ።

አንድ ጎደለ፦ የሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስምንት ጥናት።
የትም የለም ያሉኝን፣ ከኒው ብራንስዊክ ምድር ቤት
አሥራ ሁለት ቀን በፖስታ አስጉዛ አመጣችልኝ፤
ከኅዳጉ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ይህ ስሌት አላሳመነኝ።»
ማን እንደጻፈው አይታወቅም። እኔንም አላሳመነኝ። አብረን ተጠራጠርን፣
እሱ ምናልባት ከአፈር በታች፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሃምሳ ዓመት ተራርቀን።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ (ሙያ ነው፣ ዓይን አይተኛም)፦
ማርጎ ስትነሣ ግራ እጇ ጠረጴዛ ሳይነካ አትሄድም።
ደረጃውን ትታ ሊፍት ትጠብቃለች፤
መደርደሪያውን እንደ ሐዲድ ይዛ ትራመዳለች።
ዝም አልሁ። የሰው አካሄድ እንደ ደሞዙ ነው፤ አይጠየቅም።

የካቲት ላይ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፦ «ከስድሳ ዓመት በላይ፣
ወድቀው የሚያውቁ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ቤተ ሙከራው ላይ፤
ክፍያው የሃያ ዶላር ካርድ።» አሥራ ስድስት ሰው መጣ።
ሃያ ነበር የሚያስፈልገኝ። ዶክተር ሃልቮርሰን ተቆጣ።

ሐሙስ በአሥር ሰዓት ማርጎ፣ ካፖርቷን ክንዷ ላይ አጥፋ፣
«ካርዱ ይቅር፤ መውደቁን ግን አውቃለሁ» አለች፣ በሩን ስትገፋ።
ቁርጭምጭሚቷ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ፣ የሚያበሩ ነጥቦች ለጠፍሁ።
ስምንት ካሜራ እያያት ሄደች፣ የምትይዘው ሳይኖር። ትንፋሼን ዋጥሁ።
መሐል ላይ ቆመች። «ከአምስት ዓመት በፊት» አለች፣ «ኅዳር፣
መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በጀርባዬ፣ አርባ ደቂቃ የመንገድ መብራት ስቆጥር፣
‹ይህን የሚያጠና የለም?› አልሁ። ሥራ እንደገባሁ ፈለግሁ።
ጥቂት ነበር።»
ያን ጊዜ ያ ጥያቄዋ ገባኝ፤ ማን አነሣው ያለችው።
ማንም ነበር መልሱ።

ግንቦት። የምስጋና ገጽ። የሥነ ምግባሩ ደንብ ጥብቅ ነው፤
የተሳታፊ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚታወቀው።
(ደንቡ ግጥምን አይጨምርም።)
ስለዚህ ማርጎ ጥናቴ ውስጥ ሁለት ቦታ አለች፦
ገጽ አምስት ላይ በሙሉ ስሟ ተመስግናለች፤
ገጽ ሰማንያ ሁለት፣ ሠንጠረዡ ውስጥ፣ አሥራ ሰባተኛው መስመር፣
ግራ እርምጃ አርባ አራት፣ ቀኝ ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር።
ሁለቱ ሴቶች አይተዋወቁም።

ቅጂውን ስሰጣት ምስጋናውን ዘላ ሠንጠረዡን ገለጠች።
መጽሐፍ ላይ አይጻፍም፤ ሠላሳ ዓመት ይህን ሕግ እሷው አስከብራለች።
እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች፤ ከቁጥሩ ዳር፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ተነሥታለች።»

ከኋላዬ ስለ ሆኪ ተጫዋች ትከሻ ሊጠይቅ የቆመ ልጅ ነበር፤
ወንበር ሳበችለት። «የማን ትከሻ ነው?» ስትል ሰማሁ፣ ስወጣ ከበር።